ካርታ የተባለው የጥንዚዛ ጀርባ

የያዙኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የካ ተዳፋት ላይ ከአንድ የአምጃ ቁጥቋጦ አጠገብ ተቀምጬ ቢጫ አበባውን እሥል ነበር። አራት ወታደሮች መጡ። አንደኛው ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ አነሣው። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና አውራ ጣቱ ቢጫ ሆነ። ጣቱን አየት አድርጎ በሱሪው ጠረገና የቆዳ ማኅደሬን ፈታ። ውስጡ ሌላ ትልቅ ወረቀት ነበር። ዘርግቶ ለጓደኞቹ ሲያሳያቸው ሁሉም ተጠጉ።

«ይኸው» አለ አንዱ በመጨረሻ። «መንገዱ ሁሉ አለበት።»

ወረቀቱ ላይ የነበረው የአንድ ጥንዚዛ ጀርባ ነው።

ያኔ ንጉሡ እንጦጦ ላይ ነበሩ። ከተማው ገና ድንኳንና አዲስ ጎጆ ነበር፤ መጥረቢያ ሲመታ የማይሰማበት ቀን አልነበረም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነው፤ እኔም ከእሱ ተማርሁ። ከመያዜ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ አንድ ፈረንጅ ወደ የካ መጣ። ሐኪም ነኝ ይል ነበር፤ ቀኑን የሚያሳልፈው ግን ድንጋይ እየገለበጠ ጥንዚዛ በመልቀም፣ ቅጠል በመቅጠፍ ነው። ፈቃድ ስለ ነበረው የሚከለክለው ሰው የለም። ሥዕሌን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይቶ ኖሮ የሰበሰበውን ሁሉ እንድሥልለት ለመነኝ።

የመጀመሪያውን ጥንዚዛ ከጎኑ እያየሁ ስሥል ሁለት ዓይን አደረግሁለት። በእኛ ሥዕል ቅዱሳን በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ በአንድ ዓይን፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ የሚሣል ሰይጣንና ክፉ ሰው ብቻ ነው።

«ሁለተኛው ዓይን ከወዴት መጣ?» አለኝ ፈረንጁ።

«ምን ክፉ ሠርቶ በአንድ ዓይን ልሣለው?» አልሁት።

እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከላይ ወደ ታች እያየሁ እንድሥል ተስማማን፤ እንደዚያ ሲሆን ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ።

አንድ ቀን አጉሊ መነጽሩን ሰጠኝ። የጣት ጥፍር የሚያህል ጥንዚዛ መዳፌ ላይ አስቀምጬ መነጽሩን ዓይኔ ላይ አደረግሁ። ጀርባው የታረሰ ማሳ ነበር፤ ትልም በትልም። በትልሞቹ ውስጥ ጉድጓዶች ተደርድረዋል፤ ከየጉድጓዱ አንዳንድ ወርቃማ ጠጉር በቅሏል። መዳቡና አረንጓዴው እንደ ሐር ይለዋወጣሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው የኖርሁት ነገር ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሄድ መሬት መሬት እያየሁ ሆነ።

የተያዘብኝ ትልቁ ወረቀት የአንድ ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ ጀርባ ነበር። ገጹን እስኪሞላ ድረስ አጉልቼ ሥዬዋለሁ፤ በያንዳንዱ ክንፍ ላይ ዐሥር ትልም፣ በትልሞቹ መካከል ነጫጭ ነጥቦች፣ ከዳር የጽድ ቅርንጫፍ። ፈረንጁ ለራሱ ምልክት እንዲሆነው ሦስት የአገሩን ፊደላት ጽፎበታል። ጥንዚዛውን ራሱን ከሌሎቹ ጋር በሣጥን አድርጎ ከሁለት ወር በፊት ወደ ባሕሩ ወርዷል። ወረቀቱንና መነጽሩን ለእኔ ተወልኝ።

በዚያው ሰሞን የንጉሡን ከተማ መንገድ ሥሎ ለባሕር ማዶ ሰዎች የሚሸጥ አለ የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር። ወሬውን ሰምቼዋለሁ። እኔ ነኝ ብዬ ግን አልጠረጠርሁም።

እንጦጦ አናት ላይ ከአንድ አዛዥ ፊት አቆሙኝ። አዛዡ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ተከተሉት።

«ይህ መንገድ ነው?»

«ትልም ነው ጌታዬ። የጥንዚዛ ጀርባ ነው።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ጭራው።»

አዛዡ ለጸሐፊያቸው እያሳዩ ቀጠሉ። ይህ ነጥብ ጥበቃው ያለበት፣ ይህ ግቢው፣ ይህ ወደ የካ ውሃ የሚወርደው መንገድ። እሳቸው ሲያስረዱ እኔም ወረቀቱን አየሁት፤ እውነት ለመናገር እንጦጦን እየመሰለኝ መጣ። ነገሬ ለዓርብ ችሎት ተቀጠረ። ስወጣ ጸሐፊው፣ ብዕሩን እየቀረጸ፣ ቅጣቱ ምን እንደሆነ በዝቅተኛ ድምፅ ነገረኝ። የሣለው እጅ ነው የሚቆረጠው። ሲነግረኝ ቀኝ እጄን አየት አደረገና ወደ ብዕሩ ተመለሰ።

እስር ቤቱ ከጽድ ግንድ የተሠራ ጎጆ ነው። ግንዶቹ ጎን ለጎን ተተክለው ቆመዋል፤ በጭቃ ገና አልተመረጉም። ብርሃን በየስንጥቁ እየገባ ወለሉ ላይ መስመር መስመር ይሠራል። አዲስ የተፈለጠ ጽድ ይሸታል፤ ደስ የሚል ሽታ ነው። በአንድ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አንጥረኛው መጥቶ የእሳቸውን ግራ እጅና የእኔን ቀኝ እጅ በአንድ አጭር ሰንሰለት አቆራኘና ሄደ። እኔ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ቆሜ ቀረሁ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ። «አንተ ካልተቀመጥህ እኔም እጄን ሰቅዬ መዋሌ ነው።»

ተቀመጥሁ።

ኦሮሞ ናቸው፤ ከየካ ግርጌ የሚያርሱ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፤ ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ግን በኦሮምኛ ነው።

«ምን አጠፋህ?»

«ጥንዚዛ ሣልሁ።»

ጥቂት አሰቡ። «ሌላስ?»

«ቅጠል።»

ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። የራሳቸውን ግን ነገሩኝ። ለከተማው የሚቆረጠው ጫካ ከአባታቸው የወረሱት ነው። አትቁረጡ እንኳ አላሉም። አደባባይ ቆመው፣ ጫካው ባለቤት አለው፣ ስትቆርጡ ጠይቁኝ አሉ። ሦስት ጊዜ ቆመው ተናገሩ። በሦስተኛው እዚህ አመጧቸው። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም። ከዚያ ጀርባቸውን ያስደገፉበትን ግንድ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይሄ ከምንጩ በላይ የነበረው ነው። ጠባሳውን ታያለህ? የቀፎዬ ገመድ የበላው ነው።»

ጠባሳውን ለማየት ጠጋ ስል ነው ድምፁን የሰማሁት። ቅር፣ ቅር፣ ቅር ይላል። ዝም ይልና ይቀጥላል። ጆሮዬን ግንዱ ላይ ለጠፍሁ። ከውስጥ ነው።

«አባቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«እሱማ በላተኛው ነው። ትል ሆኖ እንጨት ውስጥ ይገባል። ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ይበላል። ኋላ ክንፍ ያወጣና በስቶ ይወጣል። ዛፉ መቆረጡንም አላወቀ።»

«ሲወጣ ምን ይመስላል?»

«ቀንዱ ከራሱ ይረዝማል። ጀርባው እንደ መዳብ ነው፤ ነጭ ነጭ ነጥብ አለው።»

ብድግ አልሁ። እጃቸውን አብሬ ስላነሣሁት አጉረመረሙብኝ። ይቅርታ ጠይቄ ተቀመጥሁና ሁሉንም ነገር እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው፤ ወረቀቱን፣ ትልሙን፣ መንገድ መባሉን፣ ዓርብን፣ እጄን። ሰምተው ሲጨርሱ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ አድርገው ቆዩ።

«ቅርብ ነው» አሉ። «ግን ዝናብ ሳይሸተው አይወጣም።»

ግንቦት ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሰማያዊ ነው።

ረቡዕን በሙሉ ግንድ ስናዳምጥ ዋልን። እንዲህ ያለ ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። ድምፁ ሲጠፋ ልቤ ይጠፋል፤ ሲመለስ ሁለታችንም እንተያያለን። ሽማግሌው ድምፁ የሚሰማበትን ቦታ በከሰል ምልክት አደረጉበት፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ምልክት፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ጣት ይገባል። «ወደ ውጭ ነው የሚመጣው» አሉ። ጠባቂው፣ ጺሙ የሸበተ ትልቅ ሰው፣ በስንጥቁ አይቶ ጠንቋዮች ናችሁ ብሎ ተቆጣ። ስንነግረው አላመነም። ጥቂት ቆይቶ ከውጭ በኩል ጆሮውን ግንዱ ላይ ሲያስጠጋ ጥላውን አየነው። ከዚያ ወዲህ ውሃ ባመጣ ቁጥር «ወጣ?» እያለ ይጠይቀን ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከየካ በኩል ደመና ወጣ። ሽማግሌው አፍንጫቸውን ወደ ስንጥቁ አቀኑ። «መጣ» አሉ። መጀመሪያ ነፋስ፣ ከዚያ የሣር ክዳኑ ላይ ጥቂት ጠብታ፣ ከዚያ ደህና ዝናብ። በግንዶቹ መካከል ገብቶ ልብሳችንን አረጠበው፤ ሁለታችንም ከቦታችን ንቅንቅ አላልንም። ቅር ቅር የሚለው ድምፅ ፈጠነ። ከምልክቱ አጠገብ የተፈጨ እንጨት እንደ ዱቄት መርገፍ ጀመረ።

ዓርብ ጠዋት ፀሐይ ግንዱን ስታገኘው ቀዳዳው ተከፈተ። መጀመሪያ አንድ ቀጭን ቀንድ ወጣ፤ አየሩን ዳሰሰና ተመለሰ። ሽማግሌው ክንዴን ጨበጡኝ። ከዚያ ሁለቱም ቀንዶች ወጡ፤ ከዚያ ራሱ፤ ከዚያ የፊት እግሮቹ የቀዳዳውን ጠርዝ ይዘው መጎተት ጀመሩ። ትከሻው ጠቦት ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሲወጣ አቧራ ለብሶ ነበር። ግንዱ ላይ ቆሞ ቀንዶቹን አንድ ባንድ በፊት እግሩ እያጎነበሰ ጠረገ፤ አቧራው ሲረግፍ መዳቡ በራ። ዐሥር ትልም። ነጭ ነጥብ። እሱ ራሱ ነው።

«በስሱ ያዘው» አሉኝ።

መዳፌ ውስጥ ሳስገባው ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር፤ አንገቱን እያሻሸ የሚያወጣው ድምፅ ነው። ጠባቂው በሩን ከፍቶ «ተጠርታችኋል» አለ። ከዚያ ድምፁን ሰማና ፊቱ ተለወጠ። «ወጣ?»

ችሎቱ ከድንኳን ፊት፣ ሜዳ ላይ ነው። የሽማግሌው ነገር የዚያን ቀን አልተቀጠረም፤ የመጡት ከእኔ ጋር ስለ ተቆራኙ ነው። አዛዡ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ወረቀቱና መነጽሩ ጸሐፊው ዘንድ ናቸው። ባለጉዳዮች ዙሪያውን ቆመዋል።

አዛዡ መጀመሪያ ለስለስ ብለው ነው የተናገሩኝ። «ይህን ፈረንጁ ሣለው በል። አንተ ቀለም በጥባጭ ነህ። ጸሐፊው ይጻፈውና ወደ ቤትህ ሂድ።»

ፈረንጁ ያን ጊዜ መርከብ ላይ ነው። ምንም አይደርስበትም ነበር። ይህን አሰብሁ፤ አላሰብሁም አልልም።

«የሣልሁት እኔ ነኝ ጌታዬ» አልሁ። «እሱ መሣል አይችልም። የእሱ ጥንዚዛ ባቄላ ነው የሚመስለው።»

«እንግዲያስ እጁም የአንተ ነው።»

«የእኔ ነው።»

ከዚያ ግራ እጄን ከፈትሁ። ጥንዚዛው መዳፌ ላይ ወጥቶ ቆመ። መነጽሩን እንዲሰጧቸው ለመንሁ። አዛዡ መነጽሩን አቅርበው፣ አርቀው፣ በመጨረሻ ልኩን አገኙት። አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። እንደገና ጎንበስ አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ትልሙን እየቆጠሩ ነው። ወረቀቱን አስመጥተው አጠገቡ አስያዙ።

«ትልሙ ልክ ነው» አሉ። «ነጥቡ ግን አንድ ጎድሏል። እዚህ ሰባት፣ እዚህ ስድስት።»

አየሁ። እውነታቸውን ነበር። 

«ጌታዬ» አሉ ሽማግሌው፣ «ከአንድ ላም የሚወለዱ ጥጆች ቡራቸው አንድ ዓይነት ነው?»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ሰንሰለቱ አምጥቶኝ ነው።»

ከቆሙት መካከል ሳቅ ተሰማ። አዛዡ አልሳቁም። ጸሐፊውን ብዕርና ወረቀት ስጠው አሉት። ጸሐፊው ብዕሩን እየሰሰተ ሰጠኝ። «ይህንኑ እዚሁ ሣለው። እውነት የአንተ እጅ ከሆነ እናየዋለን።»

ጠባቂው ለከተማው ተቆርጦ ከዳር ከተከመረው ጽድ አንድ ቅርንጫፍ ሰብሮ አመጣ። ጥንዚዛውን ቅርንጫፉ ላይ አስቀመጥነውና ጠባቂው ተንበርክኮ ያዘ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልሁት፤ የምሥልበት እጅ የታሰረው እጅ ነው። ሰንሰለቱ ስንዝር አይሞላም። ሽማግሌው ሳልነግራቸው ገባቸው። እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ከእጄ አጠገብ አስቀምጠው፣ «አንተ ወደምትሄድበት እሄዳለሁ» አሉኝ።

ጀመርሁ። ብዕሬ ወደ ላይ ሲሄድ እጃቸው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ስዞር ይዞራሉ፤ ሳቆም ያቆማሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰንሰለቱ አልተሰማኝም። ጥንዚዛው ቅርንጫፉ ላይ ሲራመድ ጠባቂው ትንፋሹን ውጦ ቅርንጫፉን ያዞርልኛል። ባለጉዳዮቹ እየተጠጉ መጡ፤ ፀሐዩን ስለ ከለሉብኝ አዛዡ ራሳቸው «ገለል በሉ» አሏቸው። ራሱን ሣልሁ። ሁለቱን ዓይኖች ሣልሁ። ሃያውን ትልም፣ ከጽዱም መርፌ የመሰለውን ቅጠል አንድ ባንድ። ልቤ እንዲህ መትቶ አያውቅም፤ ግን ከፍርሃት አልነበረም። እጄ ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀንቶልኝ አያውቅም።

የኋላ ግራ እግሩ ሲቀረኝ ጥንዚዛው ጀርባውን ከፈተ። ከመዳቡ ሥር ሌላ ክንፍ፣ እንደ ስስ ሻሽ የታጠፈ፣ ተዘረጋ። በአዛዡ ራስ ላይ አልፎ ወደ የካ በኩል በረረ። ሁሉም አንገቱን አዙሮ ተከተለው።

አዛዡ ወረቀቱን ወስደው አዩት። «አንድ እግር ጎድሎታል።»

«ሳልጨርስ ሄደ ጌታዬ።»

አዛዡ ሳቁ። ጸሐፊውን «ጥንዚዛ ነው ብለህ ጻፍ» አሉት። ከዚያ ወረቀቱን መለሱልኝ። «ለንጉሡ አሳየዋለሁ። ከሥሩ ስምህን ጻፍበት።»

ስሜን ጻፍሁ። ከፈረንጁ ጋር ስሠራ ከያንዳንዱ ሥዕል ሥር ተክሉ የተገኘበትን ቦታ መጻፍ ልማዳችን ነበር። ብዕሬን አላነሣሁም።

«አባቴ፣ ስምዎ ማን ነው?» አልኋቸው። ሦስት ቀን አብረን ስንሰነብት አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገሩኝ። እዚህ የማልጽፈው ልጆቻቸውን ስላላስፈቀድሁ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ጻፍሁት፤ ከእኔ ስም ባላነሰ ፊደል፦ ጽዱ የተገኘው ከእኚህ ሰው ጫካ ነው። ስጽፍም እጃቸው ከእጄ ጋር ነበር።

ጸሐፊው ጮክ ብሎ አነበበው። 

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ አዛዡ።

«ተክሉ የተገኘበት ቦታ ነው ጌታዬ። ያለዚያ ሥዕሉ ሙሉ አይሆንም።»

ሽማግሌውን አዩአቸው። ሽማግሌውም አዩአቸው። አዛዡ ወረቀቱን ለጸሐፊው አቀበሉት። «ሳይደርቅ እንዳታጥፈው» አሉት።

የእኔ ሰንሰለት እዚያው ተፈታ። ሽማግሌውን ወደ ጎጆው መለሷቸው፤ ጠባቂው ሲወስዳቸው ክንዳቸውን ደግፎ ነበር። የተፈቱት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ወረቀቱን ንጉሡ ይዩት አይዩት የነገራቸው ሰው የለም፤ ጫካውም አልተመለሰም። በተፈቱ በሳምንቱ ወደ አባቴ ቤት መጥተው፣ የጻፍኸውን አሳየኝ አሉኝ። ወረቀቱ እኔ ዘንድ እንደሌለ ነገርኋቸውና ያንኑ ቃል በቁራጭ ብራና ላይ ጻፍሁላቸው። ማንበብ አይችሉም። ለረጅም ጊዜ አዩትና «መጀመሪያው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ጣታቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስኬዱት።

ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን ሆነው። ከተማው ወደ ፍልውሃ ወርዷል። ታስሬ እንደ ነበር የሰሙ ሰዎች ፊታቸውን አጥቁረው ይጠይቁኛል፤ እነዚያ ሦስት ቀናት በሕይወቴ ደስ ካሰኙኝ ቀናት ውስጥ ናቸው ብል የማሾፍ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ። ሽማግሌው አርፈዋል። ባለፈው ዓመት ልጆቻቸው መጡ። ለመሬት ክርክር ዳኛ ፊት የሚያቀርቡት ሌላ ጽሑፍ የላቸውም፤ ያቺ ብራና ብቻ ናት፣ ቀለሟም ደብዝዟል። እንዳድስላቸው ለመኑኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ በአሮጌው ፊደል ላይ ቀስ ብዬ ደገምሁበት። እጄ ሁለት ቦታ ተንቀጥቅጧል። ግን ይነበባል።